ቄስ ዳንስ፤ የአልስት ላብ አደሮች ጠበቃ

ዳንስ የሚለውን ስታዩ ስለ ጭፈራ የሚወራ እንዳይመስላችሁ። የአንድ የቤልጂግ ቄስ ስም ነው፤ ሕይወታቸውም ከጭፈራ በጣም የራቀ ነበር።

አዶልፍ ዳንስ እ.ኤ.አ. በ1839 በፍላንደርስ ክፍለ ሀገር፣ አልስት በምትባል ከተማ ተወለዱ። አገራቸው ነፃ ከወጣች ገና ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ቅስና ከተቀበሉ በኋላ በመምህርነትም ስላገለገሉ የኛው የሙያ ሰው ናቸው ማለት ይቻላል።

በዚያን ዘመን ቤልጂግ በከሰል ድንጋይ፣ በብረትና በጨርቃ ጨርቅ ኢንዱስትሪዋ በአውሮፓ የታወቀች ነበረች። ሹማምንቱና ባለፋብሪካዎቹ በዚህ ይኮሩ ነበር። ታዲያ ያንን ሀብት በጉልበቱ የሚያስገኘው ሰው ምን ደረሰው? በአልስት ፋብሪካዎች ሴቶችና ልጆች ሳይቀሩ ለትንሽ ደሞዝ ሲለፉ ይውላሉ። ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ ፋብሪካ እንዳይሠራ የተከለከለው እንኳ ገና በ1889 ነው። በዚያ ላይ የፍላንደርስ ድሃ የሚናገረው የኔዘርላንድ ቋንቋ ሲሆን፣ የባለሥልጣኑና የጌታው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። ሰውየው በገዛ አገሩ እንደ እንግዳ ይቆጠር ነበር ማለት ነው።

በ1891 የሮማው ፓፓ ሊዮን 13ኛ ስለ ሠራተኞች ችግር መልእክት አስተላለፉ። ቄስ ዳንስ ይህን ነገር ከልባቸው ተቀበሉት። ወንድማቸው ፒተር ማተሚያ ቤትና ጋዜጣ ስለነበራቸው በ1893 የክርስቲያን ሕዝብ ፓርቲ ሲመሠረት ሁለቱም ዋና መሪዎች ሆኑ።

በዚያው ዓመት፣ ከታላቅ የሥራ ማቆም አድማ በኋላ፣ ዕድሜው 25 የሞላው ወንድ ሁሉ የመምረጥ መብት አገኘ። ግን እኩልነት አልነበረም፤ ድሃው አንድ ድምፅ ሲሰጥ ሀብታሙና የተማረው እስከ ሦስት ይሰጥ ነበር! ይህም ሆኖ ቄስ ዳንስ በ1894 ተመርጠው ፓርላማ ገቡ። እዚያም ስለ ሠራተኛውና ስለ ሕዝቡ ቋንቋ ተሟገቱ።

የካቶሊክ ወግ አጥባቂዎች መሪ ሻርል ቮስት አልተኟቸውም። ጳጳሱም ተቆጡ፤ ቅዳሴ ተከለከሉ፣ ቆይቶም የክህነት ልብሳቸውን እንዲያወልቁ ታዘዙ። ለአንድ ቄስ ከዚህ የበለጠ ምን ቅጣት አለ? ቢሆንም ዝም አላሉም። በ1898 ወንበራቸውን ቢያጡም በ1902 ብራስልስ ላይ እንደገና ተመረጡ። በ1907 በተወለዱባት ከተማ አረፉ።

የደከሙለት ነገር ግን ቀስ በቀስ ፍሬ አፈራ። በ1898 ሕጎች በሁለቱም ቋንቋዎች እኩል እንዲወጡ ተወሰነ። በ1914 የግዴታ ትምህርት ታወጀ። በ1919 ለአንድ ወንድ አንድ ድምፅ ሆነ፤ ሴቶች ግን ለፓርላማ ለመምረጥ እስከ 1948 መጠበቅ ነበረባቸው።

እንግዲህ ከኚህ ሰው የምንማረው ይህ ነው። በአገር መኩራት ጥሩ ነገር ነው፤ ነገር ግን ኩራቱ የጥቂቶች ብቻ ከሆነ ለቀረው ሕዝብ ባዶ ቃል ነው። ነገ ክፍል ስንገባ፣ የኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጠው የድሃ ልጅም ከፊተኞቹ እኩል መሆኑን አንርሳ።