የዐፄ ቴዎድሮስ ቁጣ

ኀዘን የበዛበት ሰው ቁጣውን ከቀሰቀሰው ወገን አንሥቶ በቅርብ ባገኘው ላይ ሲያወርደው የሥነ ልቡና ሊቃውንት ይህን ራስን የመከላከያ ዘዴ መዛወር ይሉታል።

በ1847 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ምክራቸውን ይሰሟቸው የነበሩትን እቴጌ ተዋበችን በ1850 ዓ.ም.፣ እንግሊዛውያን ወዳጆቻቸውን ፕላውደንንና ጆን ቤልን ደግሞ በ1852 እና በ1853 ዓ.ም. ሞት ነጠቃቸው። ያለፈን ሰው ልብ መመርመር ያስቸግራል፤ ቢሆንም ከዚያ ወዲህ ያለው ሥራቸው ብዙ ይናገራል። በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ አጣ፤ ንግሥቲቱ በሩቅ ስለ ነበረች ሰንሰለቱ የገባው በቆንስሉ በካሜሮን እግር ነው። በ1859 ዓ.ም. ዐመፀኞቹ አልያዝ ሲሏቸው ክንዳቸው በጎንደር ላይ ወደቀ፤ ከተማይቱ ከነአብያተ ክርስቲያናቷ ተዘረፈች፣ ተቃጠለችም።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ራሳቸውን የገደሉባት ሽጉጥ ከቪክቶሪያ የተላከች ስጦታ ነበረች።