ካሚሎ ጎልጂና በስሙ የሚጠራው የሴል ክፍል

በሥነ ሕይወት ትምህርት ስለ ሴል ስንማር የጎልጂ አካል የሚባል ክፍል እናገኛለን። ስሙን የምናውቅ ብዙዎች ስንሆን የባለስሙን ታሪክ የምናውቅ ግን ጥቂቶች ነን። ስለዚህ የዚህን ሊቅ ታሪክ ለአንባቢዎች ባጭሩ እናቀርባለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ካሚሎ ጎልጂ በ1843 በሰሜን ኢጣልያ በተራሮች መካከል በምትገኝ ኮርቴኖ በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ ሐኪም ነበር። እሱም የአባቱን ሙያ ተከትሎ በፓቪያ ዩኒቨርሲቲ ተማረና በ1865 ተመረቀ። ከዚያም በዕድሜ ከሱ ከሚያንሰው ከጁልዮ ቢጾጼሮ ዘንድ በማይክሮስኮፕ መመራመርን ለመደ።

በ1872 ገንዘብ ስለ ቸገረው በአቢያቴግራሶ ከተማ ፈውስ የሌላቸው በሽተኞች በሚጦሩበት ሆስፒታል ተቀጠረ። በዚያ የምርምር ቤት አልነበረም። እሱ ግን ተስፋ ሳይቈርጥ ወጥ ቤቱን የምርምር ቤት አደረገው። በ1873 የአንጎልን ቍራጭ በፖታስየም ዳይክሮሜት አጠንክሮ በብር ናይትሬት ሲነክረው ጥቂት የነርቭ ሴሎች ከነቅርንጫፎቻቸው በቢጫ መደብ ላይ ጠቍረው ታዩት። ከዚያ በፊት የነርቭን ሴል እንዲህ ሙሉ በሙሉ ያየ አልነበረም።

በኋላም በፓቪያ ፕሮፌሶር ሆነ። ከ1885 ጀምሮ ስለ ወባ መርምሮ፥ ትኩሳቱ በየ48 ወይም በየ72 ሰዓት የሚነሣው ተሐዋስያኑ ቀይ የደም ሴሎችን አፍርሰው በሚወጡበት ጊዜ መሆኑን አስረዳ።

በ1898 በጉጉት አንጎል ሴሎች ውስጥ እንደ መረብ የተጠላለፈ አንድ ነገር አየ። ብዙ ሊቃውንት ግን ይህ ከማቅለሚያው የመጣ እንጂ በሴል ውስጥ ያለ አይደለም ብለው ተጠራጠሩ። ክርክሩ ከ50 ዓመት በላይ ቈየ። በ1950ዎቹ ዓመቶች የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እውነትነቱን ሲያረጋግጥ ጎልጂ በሕይወት አልነበረም፤ በ1926 በፓቪያ ሞቶ ነበር።

ዛሬ እንደምናውቀው ይህ ክፍል በሴል ውስጥ የተሠሩትን ፕሮቲኖች አሰናድቶና ለይቶ የሚልክ ነው። ዕቃው የሚጓዘው በስስ ሽፋን በተሠሩ ጥቃቅን ከረጢቶች ነው። ከረጢቱ ቦታውን እንዳይስት ፕሮቲኖች ይመሩታል። ራብ የሚባሉት ፕሮቲኖች የመድረሻውን ምልክት ያሳያሉ። በጎልጂ ስም ጎልጂን የተባሉት ረጃጅም ፕሮቲኖች ደግሞ ታንኳ ከዳር ሲደርስ በገመድ እንደሚያዝ ከረጢቱን ከሩቅ ይዘው ያቀርቡታል። በመጨረሻ ከረጢቱና መድረሻው በየበኩላቸው የያዙዋቸው ስኔር የሚባሉ ፕሮቲኖች እንደ ገመድ እርስ በርስ ተገምደው ሁለቱን ሽፋኖች አጥብቀው ያገናኛሉ፤ ሽፋኖቹም አንድ ይሆናሉ፥ ዕቃውም ይራገፋል። ይህን አሠራር ስለ ገለጹ ጄምስ ሮትማን፥ ራንዲ ሼክማንና ቶማስ ዙድሆፍ በ2013 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ጎልጂም ራሱ በ1906 ከእስጳንያዊው ከሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል ጋራ የኖቤልን ሽልማት ተካፍሎ ነበር። ነገር ግን ሁለቱ በሐሳብ አይስማሙም ነበር። ጎልጂ የነርቭ ሴሎች ሁሉ ተያይዘው አንድ መረብ ናቸው ሲል፥ ካሃል በጎልጂ በራሱ ዘዴ መርምሮ እያንዳንዱ ሴል ለብቻው መሆኑን አሳየ። ጎልጂ ሽልማቱን ሲቀበል ባደረገው ንግግር እንኳ ሐሳቡን አልለወጠም። እውነቱ ከካሃል ጋራ ነበር። በሁለቱ ነርቮች መካከል ያለውን ክፍተት መልእክቱ የሚሻገረው ከላይ እንደ ተናገርናቸው ያሉ ከረጢቶች ከሴሉ ሽፋን ጋራ ሲዋሐዱ ነው። እንግዲህ ጎልጂ የለም ያለውን ክፍተት የሚያሻግረው፥ እሱ በስሙ የሚጠራውን አካል አግኝቶ በጀመረው ጥናት የታወቀው አሠራር ሆነ።

የተወለደባት መንደር ዛሬ ኮርቴኖ ጎልጂ ትባላለች። እኛ ተማሪዎች ከዚህ ሰው ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፥ የመሣሪያ ማነስ የሚተጋን ሰው እንደማያግደው ነው። ሁለተኛው፥ ታላቅ ሊቅም ቢሆን ሊሳሳት ስለሚችል፥ ማስረጃ ሲመጣ ሐሳብን መለወጥ ውርደት አለመሆኑን ነው።