ሚናካታ ኩማጉሱ፣ የመንደር ደኖች ጠበቃ

መንገድ ሲቀየስ፣ መንደር ሲዋቀር፣ ደን ሲመነጠር የሚገኘው ጥቅም በአኃዝ ተሰልቶ ይቀርባል። የሚታጣው ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከመዝገብ አይገባም። በሃያኛው ምዕተ ዓመት መባቻ በጃፓን አገር ይህን ያልተመዘገበ ጉዳት ዘርዝሮ በመንግሥት ፊት ያቀረበ አንድ ሊቅ ነበር። ስሙም ሚናካታ ኩማጉሱ ይባላል።

ሚናካታ በ1867 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በዋካያማ ከተማ ከአንድ የብረታ ብረት ነጋዴ ቤት ተወለደ። ገና በልጅነቱ 105 ጥራዝ ያለውን የጥንት መድበለ ዕውቀት በእጁ እንደ ገለበጠ ይነገርለታል። በ1884 ቶኪዮ ከሚገኘው የዩኒቨርሲቲ መሰናዶ ትምህርት ቤት ቢገባም ትምህርቱን ሳይፈጽም ወጣ። በ1886 መጨረሻ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በሚቺጋን፣ በፍሎሪዳና በኩባ ዕፅዋት ሲሰበስብ ቆየ። ከዚያም ከ1892 እስከ 1900 ለንደን ተቀምጦ በብሪቲሽ ሙዚየም ቤተ መጻሕፍት አጠና። ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት የመጀመሪያ ጽሑፉን በ1893 ያወጣለት ሲሆን፣ በሕይወት ዘመኑ ወደ 50 የሚጠጉ ጽሑፎች በዚያው መጽሔት ታትመውለታል። ይሁን እንጂ ወደ አገሩ ሲመለስ ዲግሪም ሆነ ሹመት አልነበረውም።

ከተመለሰ በኋላ በናቺ ተራሮች ደን ውስጥ ለብቻው እየኖረ ምርምሩን ቀጠለ። የተለየ ትኩረቱም ሚክሶማይሴት በሚባሉ ደቂቅ ፍጥረታት ላይ ነበር። እነዚህ ፍጥረታት በበሰበሰ ግንድና በረገፈ ቅጠል ላይ የሚገኙ፣ እንደ እንስሳ እየተንቀሳቀሱ የሚመገቡ፣ እንደ እንጉዳይም ብናኝ እየበተኑ የሚራቡ ናቸው። በ1904 በታናቤ ከተማ ሰፈረ፤ በ1906 የቶኬይ ቤተ መቅደስን አገልጋይ ልጅ አገባ።

በዚያው ዓመት መንግሥት ትናንሽ የሺንቶ ቤተ መቅደሶችን የማዋሐድ ትእዛዝ አወጣ። ሐሳቡ ለአንድ መንደር አንድ ቤተ መቅደስ ብቻ እንዲቀር፣ መተዳደሪያ ገንዘብ የሌለውም እንዲሻር ነበር። በየቤተ መቅደሱ ዙሪያ ግን ሕዝቡ ለዘመናት መጥረቢያ ሳያነሣባቸው የጠበቃቸው ታላላቅ ዛፎች ነበሩ። ቤተ መቅደሱ ሲሻር የተከበረው ደን ተራ እንጨት ሆኖ ለነጋዴ ተሸጠ። እስከ 1914 ድረስ ከ200,000 ገደማ ቤተ መቅደሶች ውስጥ 70,000 ያህሉ ተሽረዋል። የዋካያማ ጠቅላይ ግዛት እጅግ ከተጎዱት አንዱ ነበር።

ሚናካታ ከ1909 ጀምሮ በታናቤ ጋዜጣ ላይ ተቃውሞውን ማሰማት ያዘ። በ1910 የውሕደቱ ደጋፊ የሆነ ባለሥልጣን ወደ ተገኘበት ስብሰባ ሰክሮ ጥሶ በመግባቱ 18 ቀን ታሰረ፤ ከእስር ቤቱም ውስጥ የሚክሶማይሴት ናሙና አገኘ። የክርክሩ ኃይል ግን ከቁጣው ሳይሆን ከዝርዝሩ የመነጨ ነበር። በ1912 በጻፈው ረጅም ደብዳቤ የውሕደቱን ጉዳት በስምንት ክፍል አስቀመጠ። ዛፉ ሲቆረጥ ወፎች ይሰደዳሉ፤ ወፎች ሲሰደዱ ተባይ ሰብልን ያጠፋል። ዓሣ አጥማጁ ከባሕር ላይ ሆኖ አቅጣጫ የሚለይበት ምልክት ይጠፋበታል። አረጋውያን ሩቅ ሄደው መሳለም አይችሉም፤ የመንደሩ በዓል ይቀራል፤ የጎረቤት ፍቅርና የአገር ፍቅር ይላላል፤ የጥንት ቅርስም ይደመሰሳል። በዚያን ጊዜ በጃፓን እምብዛም የማይታወቀውን ኢኮሎጂ የተባለ የሳይንስ ዘርፍ በመጥቀስም የፍጥረታትን መተሳሰር አስረዳ።

የባህል ተመራማሪውና የመንግሥት ሹሙ ያናጊታ ኩኒዮ በ1911 ደብዳቤዎቹን አሳትሞ ለታዋቂ ሰዎች አደለለት። ጉዳዩ በፓርላማም ተነሣ። የውሕደቱ ግፊት እየረገበ ሄዶ በ1920 ገደማ ቆመ። ድሉ ግን ሙሉ አልነበረም፤ በአባቱ የትውልድ መንደር የነበረውን የኦያማ ቤተ መቅደስ ለማዳን ለዓመታት ቢደክምም፣ በ1913 ከሌላ ጋር ከመዋሐድ አላተረፈውም።

ከተሳካለት ሥራ ዋነኛው በታናቤ ባሕረ ሰላጤ የምትገኘው የካሺማ ደሴት ናት። ዛፎቿ መቆረጥ ሲጀምሩ ለመንደሩ ሹማምንት አቤት ብሎ አስቆመ፤ ደኑም ጥብቅ ሆነ። በ1929 ራሱም የባሕር ፍጥረታት ተመራማሪ የነበረው ንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ ደሴቲቱን ሲጎበኝ፣ ሚናካታ ናጋቶ በተባለው የጦር መርከብ ላይ ስለ ምርምሩ አስረዳው። 110 ናሙናዎችንም በካራሜላ ካርቶን አድርጎ አበረከተለት። ደሴቲቱ በ1930ዎቹ አጋማሽ በብሔራዊ የተፈጥሮ ቅርስነት ተመዘገበች። ሚናካታ በታኅሣሥ 1941 በ74 ዓመቱ አረፈ።

በ1974 የታናቤ ነዋሪዎች ቴንጂንዛኪ የተባለውን የባሕር ዳርቻ ከቪላ ሠሪዎች ለማዳን ገንዘብ አዋጥተው መሬቱን ለመግዛት መንቀሳቀስ ጀመሩ። በ2004 የኪይ ተራሮች የተቀደሱ ሥፍራዎችና የመንገደኞች ጎዳናዎች በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ፤ በ2016ም የቶኬይ ቤተ መቅደስ ተጨመረበት። ሚናካታ ያስተማረው ቁም ነገር፣ ደኑን ያቆየው አጥር ወይም ዘበኛ ሳይሆን ሕዝቡ ለቦታው ያለው አክብሮት መሆኑን ነው። የቦታን ገጽታ የመለወጥ ሥልጣን የተሰጠው ባለሙያ ሁሉ፣ ከመቀየሱ አስቀድሞ ያንን ቦታ ማን እንደ ጠበቀውና ለምን እንደ ጠበቀው ሊጠይቅ ይገባዋል።