ዴቪድ ሂልበርት፡ የ«ከርነል» ስሌትን መሠረት የጣሉ የሒሳብ ሊቅ

የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ደጋማ አካባቢዎች በጥልቅ ሸለቆዎች የተከፋፈሉ በመሆናቸው፣ ዝናብን በየቀበሌው በመሣሪያ መለካት አዳጋች ነው። ሆኖም እንደ መሐል ሜዳና ዓለም ከተማ ካሉ ጣቢያዎች የሚገኘውን መረጃ መነሻ በማድረግ መለኪያ በሌለበት ሥፍራ የጣለውን መጠን መገመት ይቻላል። ለዚህ ከሚያገለግሉት ስሌቶች መካከል የ«ከርነል» ዘዴዎች ይገኙበታል። መጠሪያውን ለሒሳብ ያበረከቱት ጀርመናዊው ዴቪድ ሂልበርት ናቸው።

ሂልበርት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 23 ቀን 1862 ዛሬ ካሊኒንግራድ በምትባለው በኮኒግስበርግ አካባቢ ከዳኛ አባታቸው ተወለዱ። በ1885 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ያገኙ ሲሆን፣ ከ1895 አንስቶ በ1930 ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል። በ1900 በፓሪስ ጉባኤ መነሻነት ያቀረቧቸው 23 ያልተፈቱ ጥያቄዎች የዘመኑን የሒሳብ ምርምር አቅጣጫ አስይዘዋል።

በ1904 ባሳተሙት ጥናት፣ ሁለት ነጥቦችን ተቀብሎ አንድ ቁጥር የሚሰጠውን ቀመር በጀርመንኛ «ኬርን» ማለትም አስኳል ብለው ሰየሙት። እንግሊዛዊው ጄምስ መርሰር በ1909፣ ናክማን አሮንሻይን ደግሞ በ1950 ንድፈ ሐሳቡን አዳበሩት። በ1992 ቭላድሚር ቫፕኒክና ባልደረቦቻቸው ኮምፒዩተር ከምሳሌዎች እንዲማር ለማድረግ ተጠቀሙበት።

የዘዴው ቁም ነገር የነጥቦችን ዝምድና በትክክል መመዘን ነው። ይበልጥ የሚዛመደው ልኬት በግምቱ ውስጥ የላቀ ክብደት ይሰጠዋል። ይሁንና በካርታ ላይ መቀራረብ ብቻውን ዝምድና አይሆንም። ዓለም ከተማ ከመሐል ሜዳ በከፍታ በእጅጉ ዝቅ ያለች ስለሆነች፣ ርቀትን እንጂ ከፍታን ያላገናዘበ ስሌት ሊያሳስት ይችላል። በበልግ ዝናብ ገብስ የሚያመርተው የመንዝ ገበሬ በዝቅተኛው ሥፍራ ልኬት ቢገመት፣ የደረሰበት ጉዳት ከሪፖርት ውጭ ሊቀር ይችላል።

ሂልበርት ሰውንም በትክክለኛው መመዘኛ መለካት እንደሚገባ በተግባር አሳይተዋል። በ1915 የሒሳብ ሊቋ ኤሚ ኖተር ወደ ጎቲንገን እንድትመጣ ባደረጉ ጊዜ፣ አንዳንድ መምህራን ሴት በመሆኗ ብቻ ተቃወሟት። ሂልበርት ግን ችሎታዋን በመመልከት ትምህርቱን በራሳቸው ስም እያስነገሩ እንድታስተምር አደረጉ። በ1919 በስሟ የማስተማር ፈቃድ አገኘች።

በኤፕሪል 1933 የናዚ መንግሥት ያወጣው የሲቪል ሰርቪስ ሕግ ይህን ሁሉ አፈረሰ። ሕጉ ሠራተኛን የሚመዝነው በሥራው ሳይሆን በዘር ሐረጉና በፖለቲካ አቋሙ ነበር። ኖተር፣ ሪቻርድ ኩራንትና ማክስ ቦርን ከሥራቸው ታግደው ለስደት ተዳረጉ። በዐሥርት ዓመታት የተገነባው የጎቲንገን የሒሳብ ማዕከል በጥቂት ወራት ውስጥ ተዳከመ። የተባረሩት ሊቃውንት ዕውቀት ለተቀበሏቸው ሀገሮች ጥቅም ዋለ።

ሂልበርት እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1943 በ81 ዓመታቸው በጎቲንገን ሲያርፉ፣ በጦርነቱ ወቅት የሸኟቸው ጥቂቶች ነበሩ። የጀመሩት ስሌት ግን ከጥቂት ልኬቶች ሰፊ አካባቢን ለማወቅ ዛሬም ያገለግላል። ውጤቱ አስተማማኝ የሚሆነው መመዘኛው በትክክል ሲመረጥ መሆኑን፣ ሥራቸውም ሕይወታቸውም ያስገነዝባሉ።