ፍርሃት ያስተማረው ደራሲ፤ ዡል ቬርን

የሳይንስ ልብ ወለድ አባት ማን ነው ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ ስማቸው አስቀድሞ ከሚነሣው ሰዎች አንዱ ፈረንሳዊው ዡል ቬርን ነው። ብዙዎቻችን ይህን ሰው የምናውቀው በሰርጓጅ መርከቡ፣ ወደ ጨረቃ በተተኰሰው ጥይቱና ዓለምን በሰማንያ ቀን በዞረው መንገደኛው ነው። ስለዚህም የመኪናና የስሌት ሰው አድርገን እንገምተዋለን። ነገር ግን ሕይወቱንና መጻሕፍቱን አስተያይቶ የመረመረ ሰው፣ የዚህ ደራሲ አንዱ ትልቅ ትምህርት ቤት የሚያስፈራ ታሪክ እንደ ነበረ ይረዳል። በዚህች አጭር ጽሑፍ ልናሳይ የምንሻው ይህንኑ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

ቬርን በ1828 ዓ.ም. ናንት በምትባል የፈረንሳይ የወደብ ከተማ ተወለደ። አባቱ የሕግ ሰው ስለ ነበረ ልጁም የእርሱን ሙያ እንዲወርስ ፈልጎ ሕግ ይማር ዘንድ ወደ ፓሪስ ላከው። ልጁ ሕጉን ተማረ፤ ልቡ ግን በቴአትርና በመጻፍ ላይ ነበረ። በ1857 ዓ.ም. ሚስት ካገባ በኋላም ቤተሰቡን ለመመገብ በአክሲዮን ገበያ ደላላነት እየሠራ፣ ብዕሩን ሳይጥል ቈየ።

ገና ስሙ ሳይታወቅ በ1854 ዓ.ም. ያሳተመው አንድ ታሪክ አለ። በጄኔቭ ከተማ የሚኖር ዛካርዩስ የሚባል ሽማግሌ የሰዓት ሠሪ፣ የሠራቸው ሰዓቶች ምክንያቱ ሳይታወቅ አንድ በአንድ ይቆሙበታል። ሽማግሌው ነፍሱ ከሰዓቶቹ ጋር የተሳሰረች ስለሚመስለው፣ ሰዓቶቹ በቆሙ ቍጥር እርሱም ይዳከማል። ይህ ታሪክ የጀርመናዊውን የሆፍማንን የአስፈሪ ታሪክ ፈለግ የተከተለ ነው። በዚህ ጊዜ ቬርን ፍርሃትን እንደ ተቀበለው መልሶ ሰጠ እንጂ ገና አልመረመረውም ነበር።

ከዚህ በኋላ የአሜሪካዊው የኤድጋር አለን ፖ መጻሕፍት ደረሱት። ፖ በ1849 ዓ.ም. ሲሞት ቬርን የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ስለ ነበረ፣ ሁለቱ ሰዎች አልተገናኙም። አገናኛቸው ባለቅኔው ቦድሌር ነው፤ የፖን ታሪኮች ወደ ፈረንሳይኛ እየመለሰ ከ1856 ዓ.ም. ጀምሮ በመጽሐፍ መልክ አሳትሟልና። ቬርን በ1863 ዓ.ም. በባሉን ከዛንዚባር ተነሥቶ አፍሪካን ስለሚያቋርጥ ጉዞ የጻፈው መጽሐፍ ስሙን ባስጠራ ማግስት፣ በ1864 ዓ.ም. ስለ ፖ ሰፊ ጽሑፍ አወጣ። በዚያም ፖን እጅግ አደነቀ፤ ግን ደግሞ ነቀፈው። ነቀፋውም ፖ የተፈጥሮን ሕግ ሳይጠነቀቅ ይጥሳል፣ ትንሽ ቢጥር ኖሮ የማይታመነውን ነገር የሚታመን ማድረግ ይችል ነበር የሚል ነው። የቬርን የዕድሜ ልክ ሥራ በዚህ ነቀፋ ውስጥ ተጠቅልሎ እናገኘዋለን።

ከፖ የወሰደውም ብዙ ነው። ዓለምን የዞረ ሰው እንደ አካሄዱ አንድ ቀን ያተርፋል ወይም ያጐድላል የሚለውን ነገር ፖ በ1841 ዓ.ም. አጭር ታሪክ አድርጎት ነበር፤ የሰማንያው ቀን ጉዞ መጨረሻ የቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። የፖን መርከበኛ ሊውጠው የነበረው የኖርዌይ የባሕር አዙሪትም፣ በቬርን የሰርጓጅ መርከብ ታሪክ መጨረሻ ላይ ተመልሶ ይመጣል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀን ግን በ1892 ዓ.ም. የታተመው የካርፓትያ ተራራ ግንብ ታሪክ ነው። ድራኩላ ከመታተሙ ከአምስት ዓመት በፊት፣ በዚያው በትራንሲልቫንያ ምድር፣ ሰው ከለቀቀው ግንብ ጢስ ሲወጣ ይታያል። ሊመረምር የሄደው ወጣት ተመትቶ ይወድቃል፤ የሞተች ዘፋኝ በግንቡ ውስጥ ቆማ ስትዘፍን ትታያለች። በመጨረሻ እንደሚገለጠው፣ ወጣቱን የጣለው ኤሌክትሪክ፣ የሟቿ ድምፅ በፎኖግራፍ የተቀረጸ፣ መልኳም በመስተዋትና በብርሃን የታየ ሥዕል ነው።

ይህን ነገር ከሰፈራችን ጋር እናስተያየው። ከመካከላችን አየር ጤና የምንኖር አለን። መብራት በጠፋበት ሌሊት ጅብ የጮኸ እንደ ሆነ፣ ይህ ተራ ጅብ አይደለም፣ ቡዳ ነው የሚል ወሬ ይነሣል። እናታችን ያማትባሉ፤ ዩኒቨርሲቲ የገባው ወንድማችን ይሥቃል። አንዷ በመፍራት፣ ሌላው በማፌዝ፣ ሁለቱም ሳይጠይቁ ያድራሉ። ቬርን ግን አልሣቀም። የመንደሩን ሰዎች ፍርሃት በሙሉ ልቡ ተቀብሎ፣ ከዚያ በኋላ ይህ እንዴት ሆነ ብሎ ጠየቀ። ሣቅ ጥያቄን እንደሚገድል እኛም ልብ ልንል ይገባናል።

ሆኖም ማብራራት ሁልጊዜ አያሸንፍም። ፖ በ1838 ዓ.ም. ባሳተመው ረጅም ታሪክ፣ ጀልባዋ ወደ ደቡብ ዋልታ ስትነጐድ አንድ ግዙፍ ነጭ ምስል ከፊቷ ይቆማል፤ ታሪኩም በዚያው ይቋረጣል። ቬርን በ1897 ዓ.ም. ይህን ታሪክ ቀጥሎ ጻፈና የመጨረሻውን ምሥጢር የማግኔት ተራራ አደረገው። መልሱ ብልኀት አለው፤ ዳሩ ግን አንባቢን ይበልጥ የሚከተለው የፖ ዝምታ ይመስለናል።

ሌላም የከበደ ነገር አለ። ቬርን ከመናፍስቱ መጋረጃ በስተኋላ ያገኘው መኪና ብቻ አይደለም፤ መኪናውን የያዘ ሰውም አለ። በግንቡ ውስጥ ጨካኝ ባላባትና ዕውቀቱን ያዋሰው መሐንዲስ ነበሩ። አስቀድሞም በ1879 ዓ.ም. በጻፈው መጽሐፍ፣ ሹልትዝ የሚባል የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የብረት ከተማ ሠርቶ፣ ጐረቤቱን ከተማ በጋዝ ጥይት ሊያጠፋ ሲሰናዳ እናገኛለን፤ የገደለውም የራሱ ጋዝ ነው። ቬርን ይህን የጻፈው የመርዝ ጋዝ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከመዋሉ በፊት ነው። በ1928 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር በአባቶቻችን ላይ ከአየር የዘነበውም ጋዝ የተማሩ ሰዎች ሥራ ነበረ።

ቬርን በ1886 ዓ.ም. አእምሮው የታወከ የወንድሙ ልጅ እግሩን በጥይት ስለ መታው እስከ ሞቱ አነከሰ። በ1905 ዓ.ም. በአሚየን ከተማ ዐረፈ። ከእርሱ የምንማረው፣ የአያቶቻችንን የምሽት ተረት ሳንንቅ መጠየቅን ነው። ጥያቄውን የተማርንበት ዕውቀት ሌላውን ማስፈሪያ ያደረግነው እንደ ሆነ ግን፣ በግንቡ ውስጥ የተደበቅነው እኛው ራሳችን እንሆናለን።