አዶልፍ ቪንዳውስና የቆዳችን ምስጢር

አገራችን የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ባለጸጋ ናት ሲባል ሰምተን አድገናል። ነገር ግን በቂርቆስና በካዛንቺስ ጠባብ መንደሮች ምች ይመታዋል፥ የሰው ዓይን ያገኘዋል ተብሎ፥ በጋቢ ተጠቅልሎ በጓዳ የሚያድግ ሕፃን ጥቂት አልነበረም። ፀሐይ ደጃፉ ላይ ቆማ ሳለ አጥንቱ ይለሰልሳል፤ እግሩም ይጎብጣል። ስለዚህ ምስጢሩን ከገለጡት ሊቃውንት የአንዱን ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን።

አዶልፍ ቪንዳውስ እ. ኤ. አ. በ1876 በበርሊን ተወለደ። ሕክምና ሊማር ገብቶ ሳለ የኤሚል ፊሸርን ትምህርት ቢሰማ ልቡ ወደ ኬሚስትሪ አዘነበለ። ከ1915 እስከ 1944 በጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ሠራ። ዕድሜውን የሰጠው ኮሌስትሮልንና ዘመዶቹን፥ ማለትም ስቴሮሎችን፥ ለመመርመር ነበረ። በ1928ም የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ከተሸለመ በኋላም አልተኛም። በ1930ዎቹ እርሱና ባልደረቦቹ ሰባት ዲሃይድሮኮሌስትሮል የተባለውን ስቴሮል ሠሩ፤ ኋላም ከአሳማ ቆዳ አወጡት። ይኸው ስቴሮል በእኛም ቆዳ ውስጥ ይገኛል። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያርፍበት ከአራቱ ቀለበቶቹ አንዱ ይከፈታል፤ ከዚያም በገላ ሙቀት ቫይታሚን ዲ 3 ይሆናል። ይህም ካልሲየም ከምግብ ወደ ደም እንዲገባ ይረዳል። ጨረሩ ግን በመስኮት መስተዋት አያልፍም፤ ጥቁር ቆዳም ረዘም ያለ ጊዜ ይሻል።

ሰውየውን የምናከብረው ለዕውቀቱ ብቻ አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የመርዝ ጋዝ ምርምር አልሠራም አለ። ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙም ተቃወማቸው፤ አንድ አይሁዳዊ ተማሪው እንዳይባረር ተከላከለለት። በ1959 በጎቲንገን ዐረፈ።

በ2017 ዓ. ም. ብዙ የካዛንቺስ ነዋሪ ከሰፈሩ ተነሥቷል። ሕፃኑ ከጓዳ ወደ ኮንዶሚኒየም ፎቅ ቢዛወር ግን፥ በተዘጋ መስኮት ሥር የሚገባለት ብርሃን ብቻ አይበቃውም። ሕፃን አቅፈው ደጅ ወጥተው ፀሐይ የሚያሞቁ እናቶቻችን ቪንዳውስን አያውቁት ይሆናል፤ የሚያደርጉት ግን እርሱ በቤተ ሙከራ የመረመረውን ነው። የቀረው የእኛ የተማሪዎቹ ድርሻ ነው፤ ልጇን ከፀሐይ የምትሸሽገዋ ጎረቤታችን ምክንያቱን ከእኛ ትስማ።