የሁለት ባላንጣዎች አባት - ሮበርት ኖይስ

ኢንቴል ኮር አይ7-2600ኬ እና ኤኤምዲ ኤፍኤክስ-8150 የተባሉት የኮምፒዩተር ፕሮሰሰሮች ለገበያ የቀረቡት በ2011 ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፡፡ በጊዜያቸው ለጠረጴዛ ኮምፒዩተር ከተሠሩት ኃይለኛ ፕሮሰሰሮች መካከል ነበሩ፡፡ የኢንቴልና የኤኤምዲ ወዳጆች እንደ ጊዮርጊስና እንደ ቡና ደጋፊዎች ጎራ ለይተው ሲሟገቱባቸው ኖረዋል፡፡ ዛሬ ሁለቱም አርጅተው ባገለገለ ዕቃ ዋጋ ይሸጣሉ፡፡

በቢቸናና በሞጣ መካከል በምትገኘው ጉንደ ወይን ፎቶ ቤት ያለው የእህቴ ልጅ በቅርቡ ደውሎ፣ እነዚህ ፕሮሰሰሮች ያሏቸው ሁለት ኮምፒዩተሮች በተቀራራቢ ዋጋ እንደቀረቡለት ነገረኝና ለሠርግ ቪዲዮ ማቀናበሪያ የትኛው እንደሚሻለው ጠየቀኝ፡፡ የሰጠሁትን መልስ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ፡፡ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ያሰብኩት ስለ ፍጥነታቸው ሳይሆን ስለ ዘራቸው ነው፡፡ የሁለቱን ኩባንያዎች የዘር ሐረግ ወደ ላይ የቆጠረ ሰው አንድ ቤት ላይ ይደርሳል፡፡ የዚያ ቤት አስተዳዳሪ ሮበርት ኖይስ ይባል ነበር፡፡

ኖይስ በ1927 በአሜሪካ አዮዋ ክፍለ ግዛት ተወለደ፡፡ አባቱ የፕሮቴስታንት ቄስ ስለነበር ቤተሰቡ ከቦታ ቦታ ሲዛወር ቆይቶ በመጨረሻ ግሪኔል በምትባል ትንሽ ከተማ ተቀመጠ፡፡ ጉንደ ወይንን የጤፍ ማሳ እንደሚከባት ግሪኔልን የሚከባት የበቆሎ እርሻ ነው፡፡ ኖይስ በ12 ዓመቱ ከወንድሙ ጋር ሞተር አልባ አውሮፕላን ሠርቶ ከጣሪያ ላይ የዘለለ ልጅ ነበር፡፡

በግሪኔል ኮሌጅ ተማሪ ሳለ፣ በ1948፣ ለተማሪዎች ድግስ የሚሆን አሳማ ከአንድ ገበሬ ግቢ ሰረቀ፡፡ በማግስቱ ከጓደኛው ጋር ሄዶ ጥፋቱን ተናዘዘ፤ ዋጋውንም ልክፈል አለ፡፡ ገበሬው ግን የከተማዋ ከንቲባም ስለነበር ነገሩ በቀላሉ አላለፈም፡፡ በአዮዋ የቤት እንስሳ መስረቅ እስር ቤት የሚያስገባ ወንጀል ነበር፤ በጎጃም የከብት ሌባ እንዴት እንደሚታይ የሚያውቅ ሰው ይህ አይገርመውም፡፡ ከዚህ ያወጣው የፊዚክስ መምህሩ የግራንት ጌልና የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ሽምግልና ነው፡፡ ለአንድ መንፈቀ ዓመት ከትምህርት ታግዶ ተመለሰ፡፡

ሲመለስ ጌል ትራንዚስተር ስለሚባለው አዲስ ግኝት ማስተማር ጀምሮ ነበር፡፡ ትራንዚስተር በቤል ላቦራቶሪ ተሠርቶ ይፋ የሆነው በዚያው ዓመት ነው፡፡ ኖይስ በዚህ ትምህርት ተማረከ፡፡ በ1953 ከኤምአይቲ የዶክትሬት ዲግሪውን አገኘ፤ በ1956 ደግሞ ከትራንዚስተር ፈልሳፊዎች አንዱ በሆነው በዊልያም ሾክሌይ ተጠርቶ ወደ ካሊፎርኒያ ሄደ፡፡

ሾክሌይ በዚያው ዓመት የኖቤል ሽልማት ያገኘ ሊቅ ቢሆንም ሰው ማስተዳደር አያውቅም፤ የራሱን ሠራተኞች ይጠራጠር ነበር፡፡ በ1957 ስምንት ወጣት ሳይንቲስቶች ተማክረው ለቀቁ፡፡ ኖይስ ባለትዳርና የልጆች አባት ስለነበር ሲያመነታ ቆይቶ የተቀላቀላቸው በመጨረሻ ነው፤ ከተቀላቀለ በኋላ ግን መሪያቸው ሆነ፡፡ በአንድ የኒውዮርክ ባለሀብት ገንዘብ ፌርቻይልድ ሴሚኮንዳክተርን መሠረቱ፡፡ ታሪክ እስከ ዛሬ ስምንቱ ከዳተኞች እያለ ይጠራቸዋል፡፡

በዚያ ዘመን ትራንዚስተሮች በአንድ የሲሊከን ገበታ ላይ በብዛት ይሠሩና አንድ በአንድ ተቆርጠው ይለያሉ፤ ከዚያም ሠራተኞች በማጉያ መነጽር እያዩ በቀጭን ሽቦ መልሰው ያገናኟቸዋል፡፡ አንድ ላይ የተሠራን ነገር ቆራርጦ እንደገና ማገናኘት ትርፉ ድካም ነው፡፡ የቴክሳስ ኢንስትሩመንቱ ጃክ ኪልቢ በ1958 ክፍሎቹን በአንድ የጀርማኒየም ቁራጭ ላይ አንድ ላይ ሠርቶ አሳየ፤ ማገናኛው ግን አሁንም በእጅ የሚገጠም ሽቦ ነበር፡፡ ኖይስ በጃንዋሪ 1959 በማስታወሻ ደብተሩ ያሰፈረው ሐሳብ ሽቦውን አስቀረው፡፡ የሥራ ባልደረባው ዣን ኸርኒ ሲሊከንን በመከላከያ ንጣፍ የመሸፈን ዘዴ አግኝቶ ነበር፤ ኖይስ በዚያ ንጣፍ ላይ የብረት መስመር እንደ ኅትመት በማስፈር ክፍሎቹ እንዲገናኙ አደረገ፡፡ ያለዚህ ዘዴ በዛሬ ፕሮሰሰሮች ውስጥ ያሉትን በመቶ ሚሊዮኖችና በቢሊዮኖች የሚቆጠሩ ትራንዚስተሮች ማገናኘት አይታሰብም፡፡

የፌርቻይልድ ባለቤቶች ግን ትርፉን እየወሰዱ ለሠሪዎቹ ጆሮ ነፈጉ፡፡ የኩባንያው የበላይነት ቦታ ሲከፈት ኖይስን አልፈው ሄዱ፡፡ እርሱም በ1968 ከጎርደን ሙር ጋር ወጥቶ ኢንቴልን አቋቋመ፡፡ በቀጣዩ ዓመት፣ በሜይ 1 ቀን 1969፣ በፌርቻይልድ በሽያጭ ይሠራ የነበረው ጄሪ ሳንደርስ ከባልደረቦቹ ጋር ኤኤምዲን መሠረተ፡፡ ሁለቱ ባላንጣዎች የአንድ ቤት ልጆች ናቸው ማለቴ ለዚህ ነው፡፡

በኢንቴል ኖይስ የተለየ ቢሮና የተለየ የመኪና ማቆሚያ አልፈለገም፡፡ በ1971 ኩባንያው 2,300 ትራንዚስተሮች የያዘውን 4004 የተባለ ማይክሮፕሮሰሰር ለገበያ አቀረበ፡፡ ሆኖም ኖይስ ጉድለት የሌለበት ሰው አልነበረም፡፡ ክርክርና ፀብ ስለማይወድ ቁርጥ ያለ ውሳኔ ይሸሽ ነበር፤ ይህም አንዲ ግሮቭን ያበሳጨው ነበር፡፡ በ1974 ትዳሩ ፈረሰ፤ በዚያው ዓመት ኢንቴል ብዙ ሠራተኞችን ቀነሰ፡፡ በ1975 ፕሬዚዳንትነቱን ለሙር ለቀቀ፡፡

በ1982 ኢንቴልና ኤኤምዲ ውል ተፈራረሙ፡፡ አይቢኤም ለኮምፒዩተሩ የሚገዛው ፕሮሰሰር ሁለተኛ አቅራቢ እንዲኖረው ስለፈለገ፣ ኤኤምዲ የኢንቴልን 8086 እና 8088 እንዲሠራ ተፈቀደለት፡፡ 386 በ1985 ሲወጣ ግን ኢንቴል ንድፉን አልሰጥም አለ፡፡ ክርክሩ እስከ 1995 ዘለቀ፡፡ የሚገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው፡፡ ኤኤምዲ በኢንቴል ትዕዛዞች ላይ የ64 ቢት ቋንቋ ጨመረ፤ ኢንቴልም በ2004 ያንኑ ተቀበለ፡፡ ስለዚህ ኤፍኤክስ-8150 የሚናገረው መሠረቱ የኢንቴል የሆነ ቋንቋ ነው፤ አይ7-2600ኬ ደግሞ ኤኤምዲ የጨመረበትን ይናገራል፡፡

ለእህቴ ልጅ የሰጠሁት መልስ ይህ ነው፡፡ ኤፍኤክስ-8150 በወረቀት ላይ ይበልጣል፤ 8 ኮር አለው፣ መነሻ ፍጥነቱም 3.6 ጊጋኸርትዝ ነው፡፡ አይ7-2600ኬ 4 ኮርና 3.4 ጊጋኸርትዝ ነው፡፡ ነገር ግን በኤፍኤክሱ ሁለት ሁለት ኮሮች የአስርዮሽ ስሌት ክፍላቸውን ይጋራሉ፡፡ ሥራው በብዙ ኮር ሲከፋፈል፣ ለምሳሌ ቪዲዮ ሲጨመቅ፣ ከአይ7 ጋር ይቀራረባል፤ አንድ ኮር ብቻ በሚጠይቅ ሥራ ግን በግልጽ ይቀደማል፡፡ የኃይል ደረጃውም 125 ዋት ሲሆን የአይ7ቱ 95 ዋት ነው፡፡ አይ7ቱ ምስል ማሳያ ክፍል በውስጡ አለው፤ ኤፍኤክሱ ለብቻው የሚገዛ ካርድ ይፈልጋል፡፡ መብራት ሲጠፋ በባትሪ ለሚሠራ ፎቶ ቤት ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፡፡ ሲወጡ የአይ7ቱ ዋጋ 317 ዶላር፣ የኤፍኤክሱ 245 ዶላር ነበር፤ ዛሬ ዋጋቸው ከተቀራረበ አይ7ቱን ይውሰድ አልኩት፡፡ ሁለቱም ዊንዶውስ 11ን በይፋ እንደማይቀበሉም ነገርኩት፡፡

ኖይስ ከተፎካካሪ ጋር በአንድ ጠረጴዛ መቀመጥ ያውቅ ነበር፡፡ በ1977 የአሜሪካ ሴሚኮንዳክተር ኢንዱስትሪ ማኅበርን ሲያቋቁም አብረውት ከመሠረቱት አንዱ የኤኤምዲው ሳንደርስ ነው፡፡ የጃፓን ኩባንያዎች ገበያውን ሲቆጣጠሩ ኢንቴልና ኤኤምዲን ጨምሮ 14 የአሜሪካ ኩባንያዎች ሴማቴክ የተባለ የጋራ የምርምር ድርጅት መሠረቱ፤ ኖይስም በ1988 መሪው ሆኖ ወደ ቴክሳስ ሄደ፡፡ በዚያው በኦስቲን ከተማ በጁን 3 ቀን 1990 በልብ ድካም በ62 ዓመቱ አረፈ፡፡

በ2000 ጃክ ኪልቢ የኖቤል ሽልማት ሲቀበል ኖይስ ከሞተ አሥር ዓመት ሆኖት ነበር፤ ኖቤል ደግሞ ለሞተ ሰው አይሰጥም፡፡ እኛ ዘንድ መሥሪያ ቤቱን ለቆ የራሱን የሚከፍት ባለሙያ እንጀራ እንደረገጠ ይቆጠራል፡፡ ኖይስ ሁለት ጊዜ ለቆ ወጥቷል፤ ሁለቱንም ጊዜ የወጣው ሥራው በሰዎች አያያዝ ሲታነቅ አይቶ ነው፡፡ እርሱ ከመራው ቤትም ሌሎች እየወጡ ተፎካካሪዎቹ ሆኑ፡፡ የኤኤምዲ ፉክክር ባይኖር አይ7ቱ በ317 ዶላር ይሸጥ ነበር ብዬ አላምንም፡፡